ተራራውን በቀኝ ይዞ

ቀጥ ያለ መንገድ የሚጠብቀው ከተማ አለው። ከአዲስ አበባው ቤቴል ተነሥቶ ጅማ ለመግባት የሚጓዝ ሰው ልቡ ጅማ ነው፤ በመካከል ያሉት ከተሞች የቀረውን ርቀት ይነግሩታል እንጂ ስለ ራሳቸው ምንም አይነግሩትም። ቱሉ ቦሎ ቁርስ፣ ወልቂጤ ምሳ ቢበላ፣ የበላው ለጉዞው ጉልበት ነው። ዙሪያውን የሚሄድ መንገደኛ ግን የሚደርስበት ቦታ የተነሣበት ስለሆነ፣ ከመንገዱ በቀር የሚቸኩልለት ነገር የለውም። ስለዚህ የትናንቱን ራት ከዛሬው ምሳ ጋር ያስተያያል፤ የቀመሰው ቅመም ከየትኛው መንደር ጀምሮ እንደተለወጠ ይጠይቃል፤ አንድ አገር የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በምላሱ ይመረምራል።

በሜዲትራንያን ባሕር ደሴቶች ላይ እንዲህ ያለው ጉዞ የተለመደ ነው። ሲሲሊን ወይም ቀርጤስን በመኪና የሚዞር ሰው ባሕሩን በአንድ ጎኑ ይዞ ይነዳል፤ ባሕሩ ከጎኑ እስካልራቀ ድረስ መንገድ አይጠፋበትም። በሲሲሊ ምዕራብ ጫፍ፣ ትራፓኒ ላይ፣ ከማዶው ከሰሜን አፍሪካ የተሻገረው ኩስኩስ በዓሣ መረቅ ይቀርብለታል። ወደ ምሥራቅ ዞሮ የኤትና ተራራ ሥር ሲደርስ ደግሞ በብሮንቴ የፒስታሽዮ ዛፍ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል በቅሎ ያገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የሜዲትራንያንን አመጋገብ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ በመዝገቡ ያሰፈረው የወጥ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ማረሱን፣ ማጥመዱን፣ ማብሰሉን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አብሮ መብላቱን ጨምሮ ነው። ይህን አቆጣጠር እወደዋለሁ። ምግብ ሳህን ላይ ከመድረሱ በፊት የሆነው ሁሉ የምግቡ አካል ነውና።

ለእኛ ግን የዚያ ባሕር ደሴቶች ሌላ ትዝታም አላቸው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መኳንንትን ከነቤተሰባቸው አግዘው ካሰሩባቸው ቦታዎች አንዷ፣ በሰርዲኒያ ጫፍ ያለችው አሲናራ ደሴት ናት። ልዑል ራስ እምሩ በፖንዛ ደሴት ታስረው ኖረዋል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተግዘው፣ አገራቸውን ዳግም ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1940 በቱሪን ሞቱ። ለመንገደኛው መሪ የሆነው ባሕር ለእነሱ ግንብ ነበር። ዞሮ መመለስ የነጻ ሰው ዕድል ነው። ይህ ዕድል ዛሬም ለሁላችንም እኩል አልተሰጠም፤ ባለፉት ዓመታት ከአዲስ አበባ በሚወጡ መንገዶች ላይ ሰዎች ታግተዋል፣ ባሏ ሹፌር የሆነ ሴት ስልኳን በእጇ ይዛ አድራለች። ስለ ቆጮና ስለ ክትፎ የምጽፈው ይህን ረስቼ አይደለም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ምን እንደምናገኝበት፣ ሲዘጋም ምን እንደሚዘጋብን ለመናገር ነው።

እኛ ባሕር የለንም፤ የሚዞር ተራራ ግን አለን። ከቤቴል አደባባይ በአየር ጤናና በካራ ቆሬ ወጥተን ዓለም ገና ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ ሆሳዕና ይገባል። የቀኙ በሰበታና በወሊሶ አልፎ ወልቂጤ ይደርሳል፤ ከወልቂጤ ወደ ደቡብ የሚታጠፈውም መንገድ ዞሮ እዚያው ሆሳዕና ላይ ይወጣል። በሁለቱ መካከል የተቀመጠው የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት ነው። በግራው መንገድ ወርዶ በቀኙ የሚመለስ ሰው ተራራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀኙ ይዞ ይሄዳል። ደሴትን ውኃ ይከባታል፤ ይህ ተራራ ግን ዙሪያውን ውኃ የሚያጠጣ ነው። ከሰሜኑ የሚወርደው ወደ አዋሽ ገብቶ በአፋር ምድር ይቀራል። የምሥራቁ በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ቢላቴ ወደ ደቡብ ወርዶ አባያን ይቀላቀላል። የምዕራቡ ደግሞ በዋቤና በግቤ አድርጎ፣ ኦሞን ተከትሎ እስከ ቱርካና ይዘልቃል። ከአንድ ዝናብ የተለያዩት እነዚህ ውኆች ዳግመኛ አይገናኙም።

የግራው መንገድ የሰው ገንዘብና ልብ ያለበት መንገድ ነው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የዚያ አገር ተወላጆች፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የመንግሥት ሹሙም ሳይቀር፣ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጡ። ምሁሩ ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ላይ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት እንዲህ ያሉትን ማኅበራት መርምረዋል። እኔን የሚይዘኝ የአዋጪዎቹ አሳብ ነው። መርካቶ ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠራ ሰው ካገኘው ላይ ቀንሶ፣ ምናልባት በዓመት አንዴ ብቻ ለሚሄድበት መንገድ ከፈለ። የሚሄድባት ቀን ግን የዓመቱ ሁሉ ማሰሪያ ናት፤ ለክርስቲያኑ መስቀል፣ ለሙስሊሙ ዐረፋ። እስከ ዛሬ በእነዚያ ሁለት በዓላት ሰሞን በአዲስ አበባ የሚዘጋው ሱቅ ብዛት፣ በአውቶቡስ ተራ የሚሰለፈው ሰው ብዛት ይህን ይመሰክራል። እንግዲህ መንገዱ የተሠራው አብሮ ለመብላት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አብሮኝ የተጓዘው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሁለታችንም ቤቴል ጎረቤታሞች ነን። መኪናው የእሱ ነው፣ የሚነዳውም እሱ። ይህን የምናገረው ከመንገዱ የተማርኩት ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው።

አዋሽን በመልካ ቁንጡሬ ስንሻገር ዙሪያው ገና የእህል አገር ነው። እዚህ ወንዝ ዳር ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ባልጩት እየፈለጡ ስለት ሠርተዋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬንና ባልጪትን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አልፎ ጢያ አለች፤ 36 ትክል ድንጋዮቿ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡ፣ ብዙዎቹ ሰይፍ የተቀረጸባቸው። ከሰይፎቹ ሥር ከአንድ ግንድ ወደ ላይ የሚወጡ ቅርንጫፎችን የሚመስል ምልክት ይታያል፤ እንሰት ነው የሚሉ አሉ። ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግን ድንጋዩ ዝም ካለ እኔም አልናገርለትም።

በዚሁ በሶዶ ምድር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። መጋቢት 5 ቀን ስንቁን የያዘ ምእመን ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ ከተወለዱ ጀምሮ የእናታቸውን ጡት አልጠቡም፣ እህል አልቀመሱም፣ ውኃ አልጠጡም። ምግብ ፍለጋ በወጣንበት መንገድ ላይ መጀመሪያ ያገኘነው ምንም ያልበላ ሰው መታሰቢያ ሆነ። ነገሩ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። በእኛ አገር ስለ ምግብ ማሰብ ስላለመብላት ከማሰብ አይለይም፤ የክርስቲያኑ ጾም በዓመት ከ180 ቀን ይበልጣል፣ ሙስሊሙም ረመዳን አለው። ምን እንደምንበላ ሳይሆን ምን እንደማንበላ ነው ከሩቅ የሚያሳውቀን።

ቡታጅራ ስንገባ ይህ አሳብ ጠረጴዛ ላይ ቀረበልን። ከተማዋ የብዙዎች ናት፤ የመስቃኑ፣ የስልጤው፣ የሶዶው፣ ከቆላው በርበሬ ጭኖ የሚወጣው የማረቆው። የማረቆ በርበሬ ቀለሙ ጥቁር ወደሚመስል ቀይ የደረሰ ነው፤ በገበያው ስናልፍ ሳል ያዘን። ምግብ ቤት በር ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን አለ አይደለም፤ የማን ሥጋ ነው ነው። አንዱ በር ላይ መስቀል፣ ሌላው በር ላይ ጨረቃ ተሥሏል። ጓደኛዬ እኔ የምበላውን ክትፎ አይበላም፣ እኔም የእሱን አልነካም። ሁለቱም ከአንድ መስክ በወጣ ከብት፣ በአንድ ዓይነት ቅቤ፣ በአንድ ዓይነት ኮሰረትና ኮረሪማ፣ በአንድ ዓይነት ሚጥሚጣ የተሠሩ ናቸው። የሚለያቸው ከብቱ ሲወድቅ የተጠራው ስም ነው።

በዚህ ድንበር የሚያፌዝ ሰው አጋጥሞኛል፤ አልወደድኩለትም። ድንበሩን የጠበቁት እናቶቻችን በክፋት አልጠበቁትም። ምን እንደሚበሉ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቁበት ነገር ስለሆነ ጠበቁት፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ክብር እንጂ ንቀት አይገባውም። ጓደኛዬም እኔም ይህን አናፈርስም። ጥያቄው ድንበሩ ይኑር አይኑር አይደለም። ድንበሩ ሳይፈርስ ሁለት ሰው እንዴት አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣል ነው።

መልሱ ከክትፎው ሥር ነበር። ለእኔም ለእሱም፣ በሁለት ጣባ የተለያየ ሥጋ ሲመጣ፣ በመካከላችን በኮባ ላይ የተቆረሰው ቆጮ አንድ ነበር። አይቡ አንድ ነበር። ጎመኑ አንድ ነበር። እጃችን የሚገናኘው እዚያ ነው። ያን ቀን ልብ አላልኩትም፤ ወራቤ ላይ፣ ከዚያም ሆሳዕና ላይ ሲደጋገም ነው ያየሁት። አገር ሁሉ ስሙን የሚጠራው፣ በከተማ ሰሌዳ ላይ በትልቁ የሚጻፈው፣ እንግዳ የሚጋበዝበት ምግብ ክትፎው ነው፤ ሰውን ለሁለት የሚከፍለውም እሱው ነው። ማንም የማይዘፍንለት፣ ዋጋው ከክትፎው ጋር ተጠቃሎ የሚቀርበው ቆጮ ግን ማንንም አያገልልም። በጾም ቀን በዘይት ጎመን ይበላል። በፍስክ በአይብና በቅቤ ይበላል። ቄሱም ሼኩም ፓስተሩም ይቆርሱታል።

ከእንሰት ስለሚሠራው ስለ ቆጮ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ይገባዋል። ከወራቤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ቤቶቹ በእንሰት ተከበው፣ ጣሪያቸው ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ጤፍ በወራት ይደርሳል፤ እንሰት ግን እንደ ቦታው ከፍታ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አዲስ ተክል የሚገኘው ከዘር አይደለም፤ የአንድን ተክል ሥር ቆርጠው አፈር ውስጥ ሲቀብሩት ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ቡቃያው በዓመታት ውስጥ ደጋግሞ እየተነቀለ፣ ቦታው እየሰፋለት ይዛወራል። ይህ በጉራጌ የወንዱ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶች ነው። አበባ ሳይጨርስ ይቆረጣል፤ ግንዱን የሚሠራው ሽፋን ተነጣጥሎ በሰሌዳ ላይ ይታሰርና ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ በእግሯ እየደገፈች፣ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቀዋለች። ቃጫው በአንድ በኩል ይቀራል፤ እሱም ለገመድ፣ ለጆንያ ይሸጣል። ሥሩ ይወቀጣል። ሁሉም ተደባልቆ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና እየተገላበጠ ይቦካል፤ ሳምንታት፣ ወራት፣ በደጋው ደግሞ ከዓመት በላይ። ሲፋቅ ከሚጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ ነው። ሊጋገር ሲል የቀረው ቃጫ እንዲያጥር በቢላ ደጋግሞ ይከተከታል። ከዚያ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይወጣል።

እንግዲህ አንድ ቁራሽ ቆጮ ውስጥ ስንት ዓመት አለ? ተክሉ ሲተከል ሕፃን የነበረ ልጅ ሲበላው ተማሪ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ለዛሬ አይደለም፤ ዝናቡ ቢቀር፣ ሰው ቢታመም፣ እንግዳ ቢበዛ ለሚሆነው ነው። እንሰት በድርቅ ወቅት ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ በማንኛውም ወር ሊቆረጥ ስለሚችል፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ሕይወቱን በእሱ ላይ አሳርፏል። በእንግሊዝ አገር ያለው የኪው ዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት 15 ያህል ተክል አንድን ሰው ለዓመት ሊመግብ እንደሚችል ገምተዋል። እኔ ከተማ የኖርኩ ሰው ነገን የማስበው በባንክ ደብተር ነው። እነዚያ ሴቶች ነገን በጓሯቸው አፈር ውስጥ አስቀምጠው፣ ሽታውን እያወቁት ይኖራሉ።

ሆሳዕና ላይ አተካና በላን። ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ የሀድያ ምግብ ነው፤ ለበዓልና ለክብር እንግዳ የሚቀርብ። ቆጮ የሚያስቸግረው ሰው እንኳ ይወደዋል። ሥጋ ስለሌለበት አንድ ሳህን ብቻ አዘዝን።

ከዚያ በምዕራቡ ጎን ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ ወጣን፤ ተራራው አሁንም በቀኝ ነው፣ ፀሐይ ግን ተሻግራለች። ሰዎች ስለዚህ አገር ሲያወሩ ክትፎን ያስቀድማሉ፤ እኔ ጀፎረን አስቀድማለሁ። ጀፎረ በየመንደሩ መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ፣ እንደ ሜዳ የሰፋ መንገድ ነው። ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው ተሰልፈዋል፣ እንሰቱ ከጀርባቸው ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥር አያወጣበትም፤ ይህን የሚያስከብረው የአገር ሥርዓት ነው። ለቅሶ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ደመራ የሚደመረው እዚያ ነው፣ ሙሽራ የሚሸኘው፣ ጠብ የሚታረቀው፣ ከብት የሚግጠው፣ ልጅ የሚጫወተው እዚያ ነው። እኛ መንገድ ስንል ወደ አንድ ቦታ የሚያደርስ ነገር ማለታችን ነው። ጀፎረ ግን የሚያደርሰው እርስ በርስ ነው። ኮልፌ ቀራኒዮን በሚያህል ክፍለ ከተማ ውስጥ እንዲህ ሰውን ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ አንድ መሬት ብናስቀር ኖሮ ብዬ አዘንኩ፤ ቤቴል ስትሠራ ባዶ ሜዳ ሞልቶ ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ጠርቶታል። በኋላ በጻፈው ጽሑፍ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሏል፤ ጉድጓዶቹ ሙሉ ሆነው ሳለ ሰው በሰው ፊት ጥቂት መብላትን እንደ ጨዋነት ይቆጥራል። ሻክ በዚህ ውስጥ የረሃብ ስጋት አየ። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላም ነገር ያለበት ይመስለኛል። ሰባት ዓመት የጠበቁትን ነገር በአንድ ጊዜ አይጎርሱትም፤ የሠራችው ሴት ከጎን ቆማ እያየች ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። መስቀል ሲመጣ፣ በመስከረም አጋማሽ ደንጌሳት በሚባለው ዕለት፣ ከእርዱ አስቀድሞ የሚቀርበው ጎመን ክትፎ ነው፤ ጎመን በአይብ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ። ትልቁ ሥጋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅቤው ዓመቱን ሙሉ በሴቶች የቅቤ ዕቁብ የተጠራቀመ ነው። በዓሉ መጀመሪያ የሚከፈተው ማንንም በማይለይ ምግብ መሆኑ በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

በእነዚህ ዓመታት የዚህ ተራራ ዙሪያ በካርታ ላይ ብዙ ጊዜ ተሰምሯል። ስልጤ እ.ኤ.አ. በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የራሱን ዞን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫዎቹ ለሆሳዕና፣ ለወልቂጤ፣ ለወራቤ፣ ለቡታጅራና ለሌሎችም ተከፋፈሉ፤ የምሥራቅ ጉራጌ ዞንም ራሱን ችሎ ወጣ። የጉራጌ ዞን የራሱን ክልል የጠየቀበትና ወልቂጤ ሱቋን ዘግታ የዋለችበት ጊዜ ቅርብ ነው። ሰዎች በዚህ ጉዳይ ቆስለዋልና በቀላሉ አልናገርበትም፤ በቋንቋውና በስሙ መጠራት የሚፈልግ ሕዝብ የሚገባውን ነው የጠየቀው። ነገር ግን ተራራውን የዞረ ሰው ሌሎች መስመሮችንም ያያል። አንዱ ከፍታ ነው፤ በጉመርና በጌታ ደጋ ላይ እንሰቱ በገብስና በድንች ይታጀባል፣ በማረቆ ቆላ በርበሬና በቆሎ ይተካዋል። ሌላው ቅድም የተናገርኩት የሥጋ መስመር ነው፤ እሱ ደግሞ በዞን መካከል አያልፍም፣ በአንድ ቤተ ዘመድ መካከል ነው የሚያልፈው። አንድ አያት ያላቸው ልጆች ግማሾቹ ለመስቀል፣ ግማሾቹ ለዐረፋ ወደ አንድ ግቢ የሚገቡበት ቤት በዚህ አገር ብርቅ አይደለም። አብሬት ላይ ለመውሊድ የሚሰበሰበውን ሰው ብዛት ያየ፣ ምድረ ከብድንም ያየ፣ ሁለቱም ሰልፎች ከአንድ ዓይነት ጓሮ ተነሥተው የወጡ መሆናቸውን ያስታውሳል።

ከወልቂጤ ወደ ሰሜን ስንመለስ ኦሮሚያ ገባን፤ እንሰቱ ግን ከእኛ ጋር ነው። ወሊሶ አካባቢና ወደ ወንጪ በሚያወጣው ዳገት የኦሮሞ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ያው ኮባ ቆሟል። በወንጪ ሐይቅ መካከል ያለችውን፣ የቂርቆስ ገዳም ያለባትን ትንሽ ደሴት ከሩቅ አይቼ፣ በመላው ጉዟችን በእውነት ውኃ የከበባት መሬት እሷ ብቻ መሆኗን አሰብኩ። እንሰቱ ያበቃው ቋንቋ ሲለወጥ አልነበረም። ያበቃው አፈሩ ሲለወጥ ነው፤ ወደ በቾ ሜዳ ወርደን ጥቁሩ አፈር ሲጀምር፣ ቱሉ ቦሎና ተፍኪ ላይ ጤፍና ሽምብራ ሲተኩት። ከዚያ በኋላ እንጀራ ነው። ሰበታን አልፈን ዓለም ገና ላይ መንገዱ ከመንገዱ ጋር ሲገጥም ተራራው ከቀኛችን ጠፋ።

ቤቴል ውስጥ ክትፎ ቤት ማግኘት አይቸግርም። አሁን ስገባ ዓይኔ ዋጋው ላይ ሳይሆን የቆጮው ገጽ ላይ ነው፤ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም፣ ከስንት ወር ጉድጓድ ነው የወጣው፣ ማን ፋቀው። በሠፈራችን ጉልት በኮባ ጠቅልለው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ከየት እንደሚመጣላቸው ስጠይቃቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ ባለፈው ከእምድብር ነበር፤ የዛሬው የወሊሶ ነው። ሽታው አይነግርህም?»

አልነገረኝም። እሳቸው ግን በአፍንጫቸው ዙሪያውን ያውቁታል። ቀጥለው እንደ ድሮው አይመጣም አሉኝ፤ ዋጋው የጨመረው በነዳጁ ብቻ አይደለም፤ ተክሉን አጠውልግ በሽታ እየፈጀው ነው። በሽታው በአገራችን እንሰት ላይ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ቅጠሉን ከመካከሉ አጠውልጎ፣ ብጫ ውኃ አስተፍቶ፣ ለዓመታት የተጠበቀውን ተክል በሳምንታት ይጥለዋል። የሚድንበት መድኃኒት የለም። የሚዛመትባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ዋናው ግን ቢላዋ ነው። አንዷ ሴት የታመመውን የቆረጠችበትን ቢላ ጎረቤቷ ተውሳው ጤነኛውን ስትቆርጥበት በሽታው ያልፋል፤ ከክርስቲያኗ ጓሮ ወደ ሙስሊሟ፣ ከጉራጌዋ ወደ ኦሮሞዋ። ስለዚህ በሽታው ያለበት መንደር ሁሉ ማድረግ ያለበት አንድ ነው፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት መለብለብ። አንድ ቤት ብቻውን ቢያደርገው ከንቱ ነው፤ የጎረቤቱ ቢላ ይመለስበታል። መንደሩ ጀፎረው ላይ ወጥቶ፣ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲነቅል መወሰን አለበት።